የጳጉሜ ጽዳት

በ2061 ዓ.ም. የጳጉሜ ጽዳት እንደ ወትሮው ጳጉሜ አንድ ጠዋት ተጀመረ። ማንም ልብ አላለውም። ጽዳት የሚባለው የአገሩን ቋንቋዎች በሚያስተረጉመው ማሽን፣ በመግባቢያ ውስጥ፣ ዓመቱን ሙሉ የተጠራቀመውን ትርፍ ነገር፣ የሟቾችን መዝገብ፣ የተዘጉ ሱቆችን ስም፣ ማንም የማይከፍታቸውን ገጾች ማሽኑ ራሱ በአምስት ቀን ጠርጎ የሚያወጣበት ሥራ ነው። ሰዉ በጳጉሜ ዝናብ ሲታጠብ የእኛም ማሽን ገላውን ይታጠባል እያሉ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ይቀልዱ ነበር። በእነዚህ ቀናት ቁልፉ ሁሉ ስለሚዘጋ ሠራተኛው ቢሮ ገብቶ ሻይ ከመጠጣት በቀር የሚሠራው የለም።

ሀሴት ገመዳም በዚያ ቀን ሻይዋን ጠጥታ፣ ከባልደረቦቿ ጋር ስለ በዓል ዶሮ ተጫውታ፣ ከምሳ በኋላ አባቷን ልትጠይቅ ወደ ሆስፒታል ሄደች። ከቢሮዋ እስከ ሆስፒታሉ፣ አዳማ ውስጥ፣ በአውቶቡስ አሥር ደቂቃ ነው። አባቷ አቶ ገመዳ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። ሐምሌ ላይ ስትሮክ መታቸውና ግራ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። ከዚያ ወዲህ አማርኛውም ኦሮምኛውም ከአፋቸው ጠፋ። የቀረላቸው በልጅነታቸው ዝዋይ ሐይቅ ደሴት ላይ የተናገሩት ዛይኛ ብቻ ነው። ሐኪሙ እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል፣ መጀመሪያ የገባው መጨረሻ ይወጣል ብሎ ነበር። ያኔ ማንም አልደነገጠም፤ ፍሬ እያለ ምን ያስደነግጣል።

ፍሬ ሰው ሁሉ ጆሮው ውስጥ የሚያደርጋት የምስር ያህል ነገር ናት። መግባቢያ የሚሠራው በእሷ ነው። የሚናገረው ሰው በፈለገው ቋንቋ ይናገራል፤ የሚሰማው በራሱ ቋንቋ ይሰማዋል። የሰው ንግግር ያልሆነውን ሁሉ ደግሞ፣ የውሻ ጩኸት ይሁን የጄኔሬተር፣ ጫጫታ ብላ ታጠፋዋለች። ሀሴት አራት ዓመት ሲሞላት ነው ፍሬዋ የገባችላት። ከዚያ ወዲህ እናቷ በአማርኛ፣ አባቷ በዛይኛ ያወሯት ነበር፤ ለእሷ ሁለቱም አማርኛ ነበሩ። አባቷ በዚህ ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። «ዕድሜዬን ሙሉ ገበያ ስወጣ አፌን እንደ ልብስ ቀይሬ ነው የወጣሁት። አሁን ቤቴ ውስጥ እንደ አባቴ ላውራ» ይሉ ነበር። እንዳሉትም አወሩ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ልጃቸውን በአባታቸው ቋንቋ አሳደጓት፤ ልጅቷ ግን አንድ ቃል አልያዘችም።

የክፍሉ በር ላይ ሲስተር ረድኤት አገኘቻት። ሲስተር ረድኤት ከሐምሌ ጀምሮ አቶ ገመዳን የምታስታምም፣ ከሕመምተኛው ይልቅ ቤተሰቡን ማባበል የሚቀናት ነርስ ናት።

«ሀሴትዬ፣ አባታችን ዛሬ ዘግተዋል» አለቻት።

«ዘግተዋል ማለት?»

«ከጠዋት ጀምሮ ቃል አልወጣቸውም። አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ለዶክተሩ ነግሬዋለሁ፤ ሁለተኛ ስትሮክ ሳይሆን አይቀርም ነው የሚለው። በርቺ እሺ?»

ሀሴት ገባች። አባቷ ሲያዩዋት በደኅናው እጃቸው የሹራቧን እጅጌ ያዙና አፋቸውን ከፈቱ። ከንፈራቸው ይሠራል፤ የአንገታቸው ደም ሥር ተገትሯል፤ ክፍሉ ግን ጭጭ ያለ ነው። ለጥቂት ጊዜ እሷም እንደ ነርሷ አመነች። ቀጥሎ ግን ዓይኗ የአንገታቸው ሥር ላይ ቀረ። ድምፅ የሌለው ሰው እንዲህ አይገተርም። እጇ ሳታዝዘው ወደ ጆሮዋ ሄደና ፍሬዋን አወጣቻት።

መጀመሪያ የሰማችው የጋሪ ጎማ ሲንሲያጠጥ ነው። ከዚያ የጎረቤቱን አልጋ ሳል፣ የዝናቡን ቆርቆሮ ላይ መውረድ፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ሻካራ፣ ከሆድ የሚወጣ የሽማግሌ ድምፅ። አባቷ እየጮኹ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ሲጮኹ የዋሉ መሆናቸውን ድምፃቸው ይናገራል፤ ተሰነጣጥቋል። ሀሴት ክው አለች። ይህን ድምፅ አታውቀውም። የምታውቀው መግባቢያ ለአባቷ የመደበውን ለስለስ ያለ የአዛውንት ድምፅ ነው። ከሚሉት ውስጥ የለየችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስሟን። ሦስት ጊዜ ጠሯት።

«አባዬ፣ አለሁ። አለሁ አባዬ» አለች።

ፍሬዋን መልሳ ሳታደርግ በሩጫ ወደ ቢሮ ተመለሰች። ከተማው ጆሮዋን በላው፤ ጥሩንባው፣ የሚጨቃጨቀው ሰው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ። በአውቶቡሱ ውስጥ አምስት ስድስት ቋንቋ እየተደባለቀ ይነገር ነበር፤ ሰዎቹ ግን ተግባብተው ይሳሳቃሉ። እሷ ብቻ እንደ እንግዳ ቆመች።

ሀሴት በቋንቋ ዴስክ አሥራ አራት ዓመት ሠርታለች። አዲስ ፕሮጀክት ሲከፈት የመጀመሪያውን መስመር የምትሞላው እሷ ናት፤ ነባሪ ቋንቋ የሚለውን። ቢሮ ውስጥ ግን ማንም ነባሪ አይለውም፣ ዲፎልት ነው የሚሉት። አንድ ዓረፍተ ነገር በሰውየው ቋንቋ ካልተገኘ ሄዶ የሚያርፍበት ቋንቋ ማለት ነው። እሷ ሥራ በጀመረችበት ዓመት መግባቢያ እንደ አዲስ ሲዋቀር ቅጹ ነባሪ ቋንቋ ብሎ ጠየቃት፤ ስብሰባው ስላልተስማማ ለጊዜው ብላ አማርኛ ጻፈች። ጊዜያዊው አሥራ አራት ዓመት ኖረ፤ ስብሰባውም ተረሳ።

የጽዳቱን ዝርዝር ከፈተች። ከተዘጉ ዳቦ ቤቶችና ከሟቾች ስም መሀል እንዲህ የሚል መስመር አገኘች፦ «ዛይኛ፤ ከነባሪው ቋንቋ ጋር ተመሳሳይ ሆኖ ስለተገኘ ተጠቃሏል።» ማን እንዳደረገው ለማወቅ ሌላ መዝገብ መክፈት አላስፈለጋትም። ያደረገችው እሷው ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ቋንቋ አሥራ ሁለት ሺህ መስመር ያለው ሰንጠረዥ አለው። መስመሮቹ በየመሥሪያ ቤቱ የሚነገሩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። ማሽኑ በእነሱ ይነሳና የቀረውን ከሰው አፍ እየሰማ ይማራል። ከግማሽ በላይ ባዶ የሆነ ሰንጠረዥ በጳጉሜ ይጠረጋል። የዛይኛው ባዶ በዛ፤ የሚሞሉት ሽማግሌዎች አንድ በአንድ አለቁ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ጽዳቱ ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሀሴት ባዶዎቹ መስመሮች ላይ አማርኛውን ገልብጣ ሞላች። ለጊዜው ነው፤ ቀስ እያልኩ ከአባዬ ጋር እተካዋለሁ ብላ ነው። እሁድ እሁድ ከአባቷ ጋር ቁጭ እያሉ አምስትም አሥርም መስመር ይተኩ ነበር። እሷ በአማርኛ ትጠይቃለች፣ እሳቸው በዛይኛ ይመልሳሉ፣ ማሽኑ ይመዘግባል። እሷ ግን መልሱንም የምትሰማው በአማርኛ ነው። አንዳንዴ አባቷ ይስቁባታል። «አንቺ ልጅ፣ ደሴት ላይ ምን ወረፋ አለና ነው ለወረፋ ቃል የምወልድልሽ?» ይሏታል። ሁለት ጳጉሜ በሰላም አለፈ። ዘንድሮ ማሽኑ ሰንጠረዦችን ጎን ለጎን ማስተያየት ተምሮ መጣ። ከሰባት ሺህ በላይ መስመሩ አማርኛ የሆነ ቋንቋ አገኘና አማርኛ ነው ብሎ ደመደመ። እንደ ማሽን ካሰቡት አልተሳሳተም። ከዚያ ወዲያ ግን የአቶ ገመዳ ንግግር ለመግባቢያ የማንም ቋንቋ አይደለም፤ ጫጫታ ነው።

አለቃዋ አቶ ይበልጣል ቢሮው ውስጥ ጋዜጣ ያነብ ነበር። አስተማሪዋም ስለነበር ጋሼ ነው የምትለው። የሆነውን ሳትደብቅ ነገረችው። እሱም ሰንጠረዡን ገልጦ አየና መነጽሩን አወለቀ።

«አንቺ ራስሽ እኮ ነሽ ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ ባዶውን ባዶ ተዉት የምትዪው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ነካሽ?»

«ከሚጠፋ ብዬ ነው ጋሼ። አባቴ እየሞተ ነው። የሚነግረኝ ነገር አለ፤ ከጠዋት ጀምሮ ይጮኻል፣ የሚሰማው ሰው የለም። እባክህ መልስልኝ።»

«በጳጉሜ እኔም ቁልፍ የለኝም። መስከረም ሦስት ሲከፈት የመጀመሪያው ሥራዬ ይሄ ነው፣ ቃሌ ነው።»

«ካልቆየስ?»

አቶ ይበልጣል ጋዜጣውን አጠፈ። «ቋንቋውን የሚያውቅ አንድ ሰው ይጠፋል? ፈልጊ እንጂ» አላት። እሷም ወዲያው መዝገቡን አየች። በአገሩ ሁሉ የዛይኛ ተጠቃሚ ተብሎ የተመዘገበ አንድ ሰው ነው፤ ገመዳ። ሐይቁ ዳር ባቱ ከተማ ላሉት ያጎቷ ልጆች ደወለች። እነሱም እንደ እሷ በፍሬ ያደጉ ናቸው። አንደኛው፣ «እኛስ ቤት ማን ተምሮት!» ብሎ አዘነላት።

ልትወጣ ስትል አቶ ይበልጣል ከኋላዋ ጠራት። «ዲፎልቱ ዘንድ እንዳትደርሺ» አለ። «እሱ በጽዳት እንደማይቆለፍ አንቺም እኔም እናውቃለን። የነካሽው እንደሆነ አገር ነው የሚታወከው።» እስከዚያ ድረስ ይህ ሐሳብ በልቧ አልነበረም።

ሁለት ቀን ከአባቷ አልጋ አልተለየችም። ፍሬዋን አውጥታ ኪሷ ከታ ድምፃቸውን ታዳምጣለች። አቶ ገመዳ መጮኹን ትተው ነበር፤ ጉልበቱም የለም። ቀስ ብለው፣ እያረፉ፣ አንድ ነገር ደጋግመው ይነግሯታል። የሚጠይቁ ይመስላሉ። ተናግረው ሲጨርሱ ፊቷን ያያሉ፤ መልስ ሲያጡ ዓይናቸውን ጨፍነው ያርፉና እንደገና ይጀምራሉ። ሀሴት ውኃ ሰጠቻቸው፤ አልነበረም። ትራሱን ከፍ አደረገችላቸው፤ አልነበረም። ቄስ ጠራች፤ የቄሱን መስቀል ስመው ሸኙና ወደ እሷ ዞረው ያንኑ ነገር ጀመሩ። ሐኪሙ ልባቸው እየደከመ ነው፣ ብዙም አይቆዩም አለ። በራሷ ላይ ያላት ንዴት መጠን አልነበረውም። የአባቷን ቋንቋ አሥራ አራት ዓመት ስትጠብቅ ኖራ አንድ ቃል ለራሷ ሳትይዝ ቀረች።

ጳጉሜ አራት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ በስልኳ የፕሮጀክቱን የመጀመሪያ መስመር ከፈተች። ነባሪ ቋንቋ የሚለው ፊት ለፊት አማርኛ የሚለውን አጥፍታ ዛይኛ ብላ ጻፈች። ማሽኑ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቃት፤ አዎ አለች። ነባሪ የሆነን ቋንቋ መግባቢያ ጫጫታ ሊለው አይችልም። የተማመነችው በዚህ ነበር።

በዚያች ደቂቃ በአገሩ ውስጥ ትርጉም ያልተሟላለት ነገር ሁሉ ዛይኛ ሆነ። አዲስ አበባ ውስጥ ሊፍቶች ፎቁን በዛይኛ ጠሩ። የሐዋሳ አውቶቡስ ጣቢያ ሰሌዳ ማንም በማያነበው ነገር ተሞላ። የባንክ በሮች ለደንበኞቻቸው አቶ ገመዳ እሁድ እሁድ ባወጡላቸው ቃል ሰላምታ ሰጡ። ሰዉ ፍሬዬ ተበላሸች እያለ ጆሮውን ይመታ ጀመር። ሲቆጠር ዘጠኝ ደቂቃ ነው የቆየው።

ሀሴት ፍሬዋን ጆሮዋ ውስጥ መለሰች። «አባዬ፣ አሁን እሰማሃለሁ። ንገረኝ» አለች። እጃቸውን ያዘች።

አቶ ገመዳ ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱና ጀመሩ፤ ለስላሳው የአዛውንት ድምፅም በጆሮዋ ውስጥ ተናገረ።

«እባክዎ ተራዎን ይጠብቁ።»

«ምን?»

«ጉዳይዎ በሂደት ላይ ነው። ወደ መስኮት አራት ይሂዱ» አሉ አባቷ። በቀኝ ዓይናቸው እንባ እየወረደ ነበር። «ፊርማዎን እዚህ ያኑሩ። ፊርማዎን እዚህ ያኑሩ።»

ማሽኑ ከአባቷ አፍ በዓመታት የተማረውን ሁሉ ጽዳቱ ጠርጎታል። የቀረው ሰንጠረዡ ብቻ ነው፤ ሰንጠረዡ ውስጥ ያለው ደግሞ የመሥሪያ ቤት ነገር ነው። ማሽኑ የሰማውን ካለው ጋር እያቀራረበ ያቀብላታል። አቶ ገመዳ ጣታቸውን ወደ ደረቷ አመለከቱ፣ ወደ ራሳቸው መለሱ፣ ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ፤ ጆሮዋም «ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» አላት።

ሲስተር ረድኤት መድኃኒት ይዛ ገብታ ኖሮ በሩ ላይ ቆማለች። «ተናገሩ! ተመስገን! ግን የምን መስኮት ነው የሚሉት?» አለች። በዚያው ቅጽበት አቶ ይበልጣል ደወለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መልሺው ልጄ። አንድ ሊፍት ውስጥ ሰው ተደናግጦ ወድቋል፤ መልሺው» አላት። ዛይኛ የሚለውን አጥፍታ አማርኛ ብላ ጻፈች። ለስላሳው ድምፅ ተቋረጠ፤ የአባቷ ከንፈር ግን መንቀሳቀሱን ቀጠለ።

ፍሬዋን አወጣቻት። የምታደርገው አንድ ነገር ነበር የቀራት። ስልኳን መቅጃው ላይ አድርጋ ትራሱ አጠገብ አኖረችው። ዛሬ ባይገባኝ አንድ ቀን የሚነግረኝ ሰው አገኛለሁ ብላ ነው። ከዚያ ወንበሯን አስጠግታ ፊቷን ወደ ፊታቸው አቀረበችና፣ ንግግራቸው ባረፈ ቁጥር እሺ አለች። አርባ ደቂቃ ሙሉ እሺ አለች። ገብቶኛል አለች። አደርገዋለሁ፣ አታስብ አለች። እየዋሸቻቸው እንደሆነ ታውቃለች፤ ቢሆንም ራሷን ነቀነቀች። አቶ ገመዳ ይህን ሲያዩ ቀስ በቀስ ፊታቸው ተፈታ። በመጨረሻ የሹራቧን እጅጌ ለቀቁና፣ ከጳጉሜ አንድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰላም ተኙ። በማግስቱ ጠዋት አረፉ።

የተቀበሩት ባቱ ነው፤ በአዲስ ዓመት ቀን፣ ልጃገረዶች አደይ ይዘው በየቤቱ ሲዞሩ። መስከረም ሦስት አቶ ይበልጣል እንደ ቃሉ ደወለ። ቁልፉ ተከፍቷል፣ ማሽኑ ግን ዛይኛን አልመልስም ብሏል፤ የተመዘገበ ተጠቃሚ የለውም። ነባሪውን ቋንቋ የመንካት ፈቃዷም ተነሥቷል። ሀሴት ሁለቱንም ሰምታ አመሰገነችውና ስልኩን ዘጋች።

ሠልስቱ ላይ ከመጡት ለቀስተኞች አንዱ የሞተር ጀልባ ነጂ ነበር። ቱሉ ጉዶ ደሴት ላይ እማማ ወርቂቱ የሚባሉ ባልቴት እንዳሉ ነገራት። ፍሬ ጆሯቸው ገብታ አታውቅም፤ ስለዚህ የትም መዝገብ ላይ የሉም። «ከዶሮዎቻቸው ጋር በዛይኛ ነው የሚያወሩት» አለ። ሀሴት በማግስቱ በእሱ ጀልባ ተሻገረች። ስልኩን በሻርፗ ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ ይዛዋለች። ቅጂውን አንድም ጊዜ አልከፈተችውም፤ ያንን ድምፅ ብቻዋን ለመስማት አቅም አጥታ ነበር።

እማማ ወርቂቱ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው የተቀደደ መረብ ይጠግኑ ነበር። አማርኛቸው የባቱ ገበያ አማርኛ ነው። የማን ልጅ እንደሆነች ሲሰሙ መረቡን አስቀመጡ።

«የገመዳ! ነፍስ ይማር። ልጅ ሆኖ አለቅጥ ቀልደኛ ነበር። አንቺ ታዲያ አፋችንን ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም እማማ። ለዚያ ነው የመጣሁት። ሲሞት የነገረኝን ቀድቼዋለሁ። የሚለውን ይንገሩኝ፤ ክፉም ቢሆን አይደብቁኝ።»

«በይ ክፈቺው። ከሰው አፍ ከሰማሁት ስንት ዘመኔ።»

ስልኩን በሁለታቸው መካከል ድንጋዩ ላይ አስቀምጣ ከፈተችው። እማማ ወርቂቱ ሻሻቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አድርገው ጎንበስ አሉ። ሀሴት ዓይኗን ጨፈነች።

«እሺ አባዬ» አለ ስልኩ፣ በራሷ ድምፅ። ከዚያ ዝም አለ።

ዝምታው ረዘመ። «እሺ።» ደግሞ ዝምታ። ሀሴት ዓይኗን ገለጠች፤ ድምፁን ከፍ አደረገችው፤ ወደ ፊት አሳለፈችው። «ገብቶኛል አባዬ።» ዝምታ። «አደርገዋለሁ፣ አታስብ።» ስልኩም የመግባቢያ ነው፤ ሲቀዳ ጫጫታውን አጥርቶ ነው የሚያስቀምጠው። ይህን ከማንም ይልቅ የምታውቀው እሷ ነበረች።

ሐዘንተኛን ማቋረጥ ነውር ነውና እማማ ወርቂቱ እስከ መጨረሻው፣ አርባውን ደቂቃ ሙሉ፣ ጎንበስ እንዳሉ አዳመጡ። ሲያልቅ ቀና ብለው የሀሴትን ጉልበት ዳሰስ አደረጉ።

«ልጄ» አሏት ቀስ ብለው፣ «ማንን ነው የምታናግሪው?»